ስክሪኑ ከመከፈቱ በፊት፦ ኢንቨስትመንት ውስጥ ለምትገቡ ወጣቶች

ብዙ ወጣቶች ይጽፉልኛል። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ምን ልማር? የቱን ሰርተፍኬት ልያዝ? ደመወዙስ እንዴት ነው? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። «ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?» ያለኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜዬን የሰው ገንዘብ ሳስተዳድር ኖሬ ልነግራችሁ የምፈልገው እሱን ነው። ሰው አንድን ሥራ የሚወደውም የሚጠላውም በውሎው ነውና።

ፊልም ላይ የምታዩትን ጩኸት እርሱት። በሁለት ጆሮው ሁለት ስልክ ይዞ «ሽጥ! ግዛ!» የሚል ሰው ብዙም አታገኙም። አብዛኛው ሥራ ማንበብ ነው። ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ መጠየቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። ሰውን የሚያስቸግረው መጠበቁ ነው። የሚጠብቅ ሰው ከሩቅ ሲታይ ሥራ ፈት ይመስላላ!

ጠዋት ቢሮ ስገባ ዋጋ አላይም። መጀመሪያ አነባለሁ፣ ስክሪኑን የምከፍተው በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋጋው ወርዶ ካየሁ፣ ሪፖርቱ ውስጥ የማገኘው ነገር ሁሉ መጥፎ ይመስለኛል። ወጥቶ ካየሁ ደግሞ ጥፋቱም ልማት ሆኖ ይታየኛል። ቁጥሩ ቀድሞ አእምሮ ውስጥ ከገባ፣ ማንበቡ ቀርቶ ለቁጥሩ ጠበቃ መሆን ይመጣል። ስለዚህ የጠዋቷን ሰዓት አጥብቃችሁ ያዟት። ለስብሰባ አትስጧት። አለቃ «እንዲያው ለአምስት ደቂቃ» ቢል እንኳ በትሕትና ወደ ቀትር ግፉት። አምስት ደቂቃ የሚባል ስብሰባ የለም።

ሪፖርት ስታነቡ ከኋላ ጀምሩ። ከፊት የሚያምር ፎቶና የሊቀመንበሩ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ሁልጊዜ ተስፋ የሞላበት ነው፤ ኩባንያው እየሰመጠም ቢሆን። ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ የሒሳብ ማብራሪያዎች አሉ። እዚያ ነው ነገሩ።

አንድ ኩባንያ ሽያጩ በ10 በመቶ አደገ እንበል። ትርፉም አድጓል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ማብራሪያው ጋ ስትደርሱ ግን ተሰብሳቢ ሒሳቡ በ40 በመቶ አድጓል። ዕቃው ወጥቷል፣ ደረሰኙ ተቆርጧል፣ ገንዘቡ ግን አልገባም። ለምን? ምናልባት የበጀት ዓመቱ ከማለቁ በፊት ደንበኞችን «አሁን ውሰዱ፣ በኋላ ትከፍላላችሁ» ብለዋቸው ይሆናል። ምናልባት ደንበኞቹ መክፈል አቅቷቸዋል። ወይም አንድ ትልቅ ደንበኛ በመጨረሻው ሳምንት ገዝቶ ክፍያው በሚቀጥለው ወር ይገባ ይሆናል፤ ይሄኛው ምንም ክፋት የለበትም። የቱ እንደሆነ ለማወቅ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን አምጥታችሁ ጎን ለጎን ትዘረጋላችሁ። የሦስትና የአራት ዓመቱን ታያላችሁ። ትርፉ በየዓመቱ እየጨመረ፣ ከሥራው የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ግን እየቀነሰ ከሄደ፣ ስልክ አንስቶ መጠየቅ ነው። ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊው ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ከመመለሱ በፊት ስንት ጊዜ «እ...» እንዳለም አድምጡ።

እርሳሴን አስቀምጬ ገጹን እንደገና የማነብባት ያቺ ቅጽበት ከሥራው ሁሉ የምወዳት ናት። ማንም አያያትም። ስብሰባ ላይ አይወራላትም፣ ለደመወዝ ጭማሪም አትጠቅምም። ኤንሮን የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ሲከስር ብዙ ሰው ዱብ ዕዳ ሆነበት። ነገር ግን ከራሱ ኃላፊዎች ጋር ግንኙነት ካላቸው ድርጅቶች ጋር ስለሚያደርጋቸው ግብይቶች ሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አጻጻፉ ሆን ተብሎ የተወሳሰበ ይመስላል፣ ለመረዳት ያስቸግራል። ያልገባውን ነገር «አልገባኝም» ብሎ ገንዘቡን ያላስገባ ሰው ግን ተርፏል። ወጣት ሳለን «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። እዚህ ሥራ ላይ ግን ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ የለም።

አሁን ወደ ሩጫው ልምጣ። ሥራ ይበዛል፣ እውነት ነው። መልእክቱ፣ ጥሪው፣ ስብሰባው፣ የገበያ ዜናው። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ብዙ የሠራችሁ ይመስላችኋል። ችግሩ እዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ መንቀሳቀስና ብዙ ማትረፍ አብረው አለመሄዳቸው ነው። ብራድ ባርበር እና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ66 ሺህ በላይ የአሜሪካ ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ ከ1991 እስከ 1996 ተከታትለዋል። በእነዚያ ዓመታት ገበያው በአማካይ በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው የገዙና የሸጡት ያገኙት 11.4 በመቶ ነው። ልዩነቱን ይዞ የሄደው በአብዛኛው የግብይቱ ወጪ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ዋጋን ቶሎ ቶሎ ማየትም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካን ገበያ ብንወስድ፣ ዋጋ የሚጨምርባቸው ቀናት ከግማሽ የሚበልጡት በጥቂቱ ነው። በዓመት አንዴ ቢታይ ግን አብዛኞቹ ዓመታት የሚዘጉት ጨምረው ነው። ያው ገበያ ነው፣ የተለየው የማየታችን ብዛት ነው። በዚያ ላይ ዳንኤል ካኔማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰው ገንዘብ ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። በኋላ የተሠሩ ግምቶች ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርሱታል። ስለዚህ በየሰዓቱ የሚያይ ሰው ዓመቱን በሙሉ ሲያመው ይኖራል፤ ሒሳቡ ግን አትርፎ ሊሆን ይችላል። ዘርቶ በማግስቱ አፈሩን እየጫረ እንደሚያይ ሰው ነው።

ክፉ ቀንም ይመጣል። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚለካው ዶው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወረደ። ወደቀድሞው ከፍታው ለመመለስ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀበት። እናንተም የራሳችሁን እንዲህ ያለ ቀን ታያላችሁ። ያን ቀን የሚጠብቃችሁ ሥራ ስሌት አይደለም፣ ስልክ ነው።

ገበያው ክፉኛ በወረደበት አንድ ቀን የደወሉልኝ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ደንበኛዬ ነበሩ። ስለ በመቶኛ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ የልጅ ልጄ የትምህርት ክፍያ አለ አይደል?» አሉኝ። ፋይላቸውን ከፈትኩ። ገና ስንጀምር ተነጋግረን፣ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚፈልጉትን ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አላስገባነውም ነበር። የአጭር ጊዜ ቦንድና የባንክ ተቀማጭ ውስጥ ነው ያለው። «እማማ፣ እሱ አልተነካም። የወረደው ሌላው ነው፣ ሌላውን ደግሞ ቶሎ አንፈልገውም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አንተስ? ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር።

ስለ ሥጋትና ትርፍ ትምህርት ቤት ብዙ ቀመር ይሰጣችኋል። ቀመሩ ጥሩ ነው፣ ተማሩት። ደንበኛ ግን ሥጋትን የሚያውቀው በቀን ነው፤ ገንዘቡን የሚፈልግበት ቀን አለ። ያንን ቀን ሳትጠይቁ የማንንም ገንዘብ አትንኩ። መጠየቂያው ጊዜ ደግሞ ገበያው ሰላም ሲሆን ነው። በወረደ ቀን መጠየቅ ድንጋጤ መጨመር ነው።

ደንበኛ ለአስተዳዳሪው ስለሚከፍለው ክፍያ አጭር ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ አስተዳዳሪ ስለሱ ማውራት አይወድም። በዓመት 7 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ በ30 ዓመት 7.6 እጥፍ ይሆናል። በየዓመቱ 2 በመቶ ለክፍያ ወጥቶ 5 በመቶ ቢቀር 4.3 እጥፍ ይሆናል። «ሁለት በመቶ ምን አላት?» ለሚል ይህ በቂ ነው። ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት። አንዳንዱ ይሄዳል፣ ይሂድ። የቀረው ግን ሌላ ሰው «እነሱ እኮ ይደብቃሉ» ቢለው አይደነግጥም።

ደግሞ ከኋላ ያሉትን ሰዎች እወቋቸው። የግብይት ርክክቡን የሚሠሩት፣ ማለትም አክሲዮኑን ለገዢው ገንዘቡን ለሻጩ የሚያደርሱት፣ ሒሳብ የሚያስታርቁት፣ ስማቸው ሪፖርት ላይ የማይወጣው። አሜሪካ በሜይ 2024 የአክሲዮን ርክክብን ከሁለት የሥራ ቀን ወደ አንድ ስታወርድ፣ ፊት ያለው ሰው ብዙም አልተሰማው ይሆናል። ቀድሞ ስህተት ለማረም ሁለት ቀን የነበራቸው ሰዎች ግን አንድ ቀን ብቻ ቀራቸው። አንድ ቁጥር ተሳስታችሁ ስትጽፉ የሚያድኗችሁ እነሱ ናቸው። ስማቸውን እወቁ፣ ስትገቡ ሰላም በሏቸው። ይሄን ስል ለሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። የትኛው ፈንድ ወረቀቱን ሁልጊዜ እንደሚያዘገይ፣ የትኛው ተቋም ቁጥሩ እንደማይገጥም ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ሰርተፍኬት? ያዙ። ለኢንቨስትመንት ባለሙያዎች የሚሰጠው ባለሦስት ደረጃው የሲኤፍኤ (CFA) ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ይሰጣል፣ ከባድ ነው፣ ያስተምራል። ከስማችሁ በኋላ ፊደል መደርደር ግን ሌላ ነገር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ስለ ራሳችሁ ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ይሄን ማንም ከሥራው ጋር አያያይዘውም፣ እኔ ግን አያይዘዋለሁ። የመጀመሪያው ቦነስ ሲመጣ ኑሮ ከፍ ይላል። ሰፋ ያለ ቤት፣ አዲስ መኪና፣ በየወሩ የሚከፈል ብድር። ከአንድ ዓመት በኋላ ደመወዙ አንድ ወር ቢቀር ሁሉም ነገር ይናጋል። አሁን ያ ሰው ስብሰባ ላይ ተቀምጧል እንበል። አለቃው የወደደው ኩባንያ አለ። ቁጥሩን እሱ ነው የሠራው፣ እንደማይሆንም ያውቃል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «እኔ አይመስለኝም» ማለት ይችላል? አፉ ይከፈትና ብድሩ ትዝ ይለዋል። ከዚያ «ጥሩ ይመስላል፣ አንዳንድ ነገሮችን ብቻ ብናጣራ...» ይላል። ያቺ ሐረግ የስንት ሰው ገንዘብ በልታለች! ሰውዬው እውቀት አልጎደለውም፣ ወኔም አይደለም። የጎደለው የስድስት ወር ወጪ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም አክሲዮን በፊት እሱን አስቀምጡ። ብዙ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል፣ የገንዘብ አስተዳዳሪ ሆኖ ባንክ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ገንዘብ ያለው እያሉ። ይሳቁ።

ቤትም አለ። ራት ላይ ስልክ ገልብጦ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ሲነዝር ዓይን ይሄዳል። ሌላ ክፍል ይደር። ልጅ ታሪክ ሲያወራ መሃል ላይ «እህ፣ እሺ» የሚል አባት ምን እየሠራ እንደሆነ ልጁ ያውቃል። ማታ የወረደ ገበያ ጠዋትም እዚያው ታገኙታላችሁ።

የመጨረሻው ማስታወሻ ደብተር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ለምን እንደምትገዙ በራሳችሁ ቃል ግማሽ ገጽ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ «ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምን ቢፈጠር ነው?» ብላችሁ መልሱን አስቀምጡ። «ዋጋው ቢወርድ» የሚል መልስ አይቆጠርም። «ትልቁ ደንበኛቸው ቢለቃቸው»፣ «ዕዳቸው ከዚህ ቢያልፍ» ዓይነት ይሁን። ቀን ጻፉበት። ነገሩ ከሆነ በኋላ ሰው ሁሉንም ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ነው የሚያስታውሰው፤ ወረቀት ግን እንዲህ አያደርግም። ግማሹን የከሰረ ገንዘብ ወደነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማትረፍ ስላለበት፣ መቼ እንደምትወጡ ከመግባታችሁ በፊት መጻፉ ተራ ሥራ አይደለም።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡም በዚሁ ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?»፣ «ጥያቄ አለሽ?» ይላሉ። ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ ጥቅማጥቅም አትጠይቁ፣ እሱ በውሉ ላይ አለ። «በቅርቡ የሸጣችሁት አክሲዮን የትኛው ነው? ስትገዙት ምን ብላችሁ ጽፋችሁ ነበር?» በሏቸው። የኩባንያውን ስም ሊነግሯችሁ አይገደዱም፣ ምስጢር ነው ቢሉ ያስኬዳል። አንዱ ተነስቶ «የሆነ ቦታ አለ፣ ቆይ» ብሎ ፋይል መፈለግ ከጀመረ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢያንስም እዚያ ግቡ። እርስ በርስ ተያይተው ወሬ ከቀየሩ ግን ሌላ ቦታም አመልክቱ።