ትልቅ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት የእጅ አንጓችሁን ለኩ

ከዓመታት ልፋት በኋላ «አንድ ጥሩ ነገር ለራሴ ልግዛ» የሚል ሰው ደስ ይለኛል። የሌሊት ሺፍት ሠርቶ፣ ለቤተሰብ ልኮ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ከዚያ ሁሉ የተረፈችውን አጠራቅሞ ሮሌክስ ወይም ኦሜጋ ቢያስር ማንም ሊፈርድበት አይገባም። የሚያሳዝነኝ ያ ሁሉ ብር ወጥቶበት ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሰዓቱ ለእጁ ትልቅ ነው።

ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር ስፋቱ ነው። 41፣ 42፣ 44 ሚሊ ሜትር ይላል። በዚህ ቁጥር ብቻ አትወስኑ። ዋናው ነገር ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ከላይና ከታች ያሉት ጫፎች ያላቸው ርቀት ነው። የኦሜጋ ስፒድማስተር ስፋቱ 42 ነው ይባላል፤ ከጫፍ ጫፍ ግን ወደ 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ጫፎቹም ወደ ታች ስለሚታጠፉ ቀጭን እጅ ላይ እንኳን ያርፋል። 44 የሆነው የፓኔራይ ሉሚኖር በወረቀት ላይ በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ይመስላል። ከጫፍ ጫፍ ግን ከ50 ያልፋል፣ በጎኑ ደግሞ ሰዓቱ የሚስተካከልበትን ማዞሪያ የሚሸፍነው ብረት ወጣ ብሎ ተቀምጧል። እጅ ላይ ሲሆን የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

አሁን እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሰዓት የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ቦታ በማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር ለኩት። የአንጓችሁን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ 16 ወይም 17 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ ጠፍጣፋው ቦታ ወደ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ ግን የእጅ ቅርጽ ስለሚለያይ በግምት አትሂዱ። ዙሪያው እኩል ሆኖ የአንዱ አንጓ ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ፣ የሌላው ክብ ይሆናል። አንጓው ክብ የሆነ ሰው ትልቅ ሰዓት አይችልም። የሰዓቱ ጫፎች ከጠፍጣፋው ቦታ አልፈው አየር ላይ ከተንጠለጠሉ፣ በቃ፣ ያ ሰዓት የእናንተ አይደለም። ሱቅ ሳትሄዱ ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ፦ ጠንከር ያለ ካርቶን በሰዓቱ ትክክለኛ ርዝመትና ስፋት ቁረጡና በፕላስተር እጃችሁ ላይ ለጥፋችሁ ግማሽ ቀን ዋሉበት።

ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ በስልክ ከቅርብ ባነሳችሁት ፎቶ አትፍረዱ። ስልኩ ሲጠጋ ሰዓቱን ያገዝፈዋል፣ እጁን ያሳንሰዋል። ትልቅ መስታወት ፊት ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁትና ከነሙሉ ቁመናችሁ እዩት። ሌላ ሰው የሚያያችሁ እንደዚያ ነው። ከዚያ እጃችሁን ወደ ኋላ እጠፉት፣ ከወንበር ስትነሱ ተደግፋችሁ እንደምትነሱት ማለት ነው። ማዞሪያው የእጃችሁን ጀርባ ከወጋ ነገ ሥራ ላይም ይወጋችኋል። ሆስፒታል ወይም መጋዘን የምትሠሩ ሰዎች ይህን ነገር ችላ አትበሉት።

ውፍረትና ክብደት የብዙ ሰው ቁጭት ነው። የሮሌክስ ዲፕሲ ስፋቱ 44፣ ውፍረቱ ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፤ የሸሚዝ እጅጌ አያልፈውም። ታይታኒየም ከብረት በጣም ስለሚቀል ትልቅ ሰዓት ግድ ካላችሁ እሱን ጠይቁ። ሙቀትም አለ። ዱባይ ወይም ሪያድ በበጋ እጅ ያብጣል፣ ረጅም በረራ ላይም እንደዚሁ። ጠዋት ልክ የነበረው ሰንሰለት ከሰዓት በኋላ ያንቃል። ስለዚህ ሰንሰለቱን ያለ ምንም መሣሪያ መቆለፊያው ላይ ማስረዘም የሚቻል መሆኑን ጠይቁ፤ የሮሌክስ ሰብማሪነር በ2 ሚሊ ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር እያለ እስከ 20 ድረስ ይረዝማል። ይህ ለእኔ ከስሙ ይበልጣል።

ግዙፍ ሰዓት ከየት መጣ የሚለውንም ማወቅ ይጠቅማል። ፓኔራይ 47 ሚሊ ሜትር የሚሆኑትን የሠራው ለጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል አቅጣጫ ቀያሾች ሰዓት 55 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የሚታሰረውም ከወፍራሙ የበረራ ጃኬት በላይ ነው። በባዶ ቆዳ ላይ ለማሰር አልታሰበም። የሰዓት አምራቹ ኦዴማር ፒጌ እ.ኤ.አ. በ1972 ሮያል ኦክ የሚባለውን ሰዓት ሲያወጣ 39 ሚሊ ሜትር ስለነበር «ጃምቦ»፣ ማለትም ግዙፍ፣ ተባለ። 42 የሆነው ሮያል ኦክ ኦፍሾር የመጣው በ1993 ነው። ዛሬ 39 ሲባል ትንሽ የሚመስለን ዓይናችን ስለለመደ እንጂ እጃችን ስላደገ አይደለም።

የእኛኑ ታሪክ ካነሳን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት 37 ሚሊ ሜትር ነው። በ2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እንደ ላይኞቹ የስፖርት ሰዓት አይደለም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን «ትንሽ ካሰርኩ ሰው ይንቀኛል» የምትሉ ልጆች ይህን አስቡት።

በተለይ ለሠርግ ወይም ለበዓል አገር ቤት ልትገቡ ስትሉ የምትገዙ፣ እባካችሁ ተረጋጉ። ቦሌ ስትወርዱ እንዲታይላችሁ ብላችሁ የገዛችሁት ሰዓት ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ትመለሱበታላችሁ፣ ለዓመታትም እናንተው ናችሁ የምትሸከሙት። አንድ ሞዴል ከወደዳችሁ ታናሹን ፈልጉ። ቱዶር ፔላጎስ በ42 ነበር፣ በ2022 ደግሞ በ39 ወጣ። የአይደብሊውሲ ትልቁ የፓይለት ሰዓት ከ46 በላይ ነበር፣ አሁን በ43 አለ። መልኩ ያው ነው፣ እጅ ላይ ግን ሌላ ሰዓት ነው።

እህቶቼ፣ ለእናንተም ሕጉ አንድ ነው። 41 የምታስር ሴት አይቻለሁ፣ አንጓዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ በጣም ያምርባታል። ሻጩ «ይሄ የወንድ ነው» ካላችሁ አትስሙት፣ ማስመሪያውን ስሙ።

ሻጩ «ሰንሰለቱን ላሳጥርልህ» ካለ ደግሞ ገና ካልወሰናችሁ እምቢ በሉ። መጀመሪያ መመለስ እንደሚቻልና እስከ ስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ አንዳንዱ ሱቅ ሰንሰለቱ ከተነካ በኋላ መልሶ አይቀበልም። ሲያሳጥሩላችሁም የወጡትን ቁርጥራጮች ሳጥኑ ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ። አንድ ቀን ለመሸጥ ካሰባችሁ እነሱ ከሌሉ እጁ ወፍራም የሆነ ገዢ ዋጋውን ይሰብርባችኋል።