«ድብብቆሽ» ወይስ «ድብቆሽ»?

ጥያቄ፦ በመተማ በኩል በሌሊት ወደ ሱዳን ስለሚሻገሩ ልጆች «ወል ቤት» በሚባለው ምጣኔ ግጥም እየጻፍኩ ነው። «ድብብቆሽ» ከምጣኔው ስለተረፈብኝ «ድብቆሽ» አልኩት። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ሞት ላለበት ነገር የልጆች ጨዋታ ቃል አይመጥንም» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ «ድብብቆሽ»ን አያሳጥሩት። የግጥምዎ ምሥጢር ያለው ሊያወጡት ባሰቡት «ብ» ላይ ነው። «ተደበቀ» አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነው፤ «ተደባበቀ» ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። «ድብብቆሽ» የመጣው ከዚህኛው ነው፤ ውስጡ ተራ አለ። አሁን እኔ እደበቃለሁ፣ ቀጥሎ አንተ። «ቅብብሎሽ»ም እንዲሁ ነው። መድረሻውን «ኦሽ» ሴትን ከምናናግርበት «ሽ» የሚያመጡት አሉ። ይህ አያሳምነኝም፤ በ«ግጥምጥሞሽ» ውስጥ የምትጠራው ሴት የት አለች? «ጥሎሽ» ጨዋታም መተካካትም አለመሆኑ የእኔንም ሐሳብ እንደሚያስቸግር አልክድም። ቢሆንም «አባሮሽ» እና «ድብብቆሽ» ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ጆሮ የሚሰማው ተራ የሚደርስበትን ጨዋታ ነው።

ኬላ ላይ ግን ተራ የለም። አንዱ ሁልጊዜ ይደበቃል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይፈልጋል። ቃሉ ተራ እንደሚመጣ ቃል ይገባል፣ ድንበሩ ያፈርሰዋል። «ድብቆሽ» ካሉ የሚፈርስ ቃል ኪዳን አይኖርም። በንግግር «ድብቆሽ» የሚሉ መብዛታቸው እውነት ነው፤ ስሕተት ነው ለማለት ጊዜው አልፏል። በግጥም ግን አልቀበለውም።

ምጣኔውን በሌላ መንገድ ይፍቱት። የወል ቤት ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም (በንባብ የሚቆጠር ክፍለ ቃል) ነው፤ «ድብብቆሽ» 4 ይወስዳል፣ 2 ይቀርዎታል። «ድብብቆሽ ያዙ» ቢሉ ሐረጉ ይሞላል። የግድ የ3 ቀለም ቃል ካስፈለገ «አባሮሽ» አለልዎ፤ እሱም ባዶ ምትክ አይደለም። «አባረረ» ሮጦ ማሳደድም፣ ከቤትና ከአገር ማስወጣትም ነው። «ስደት»ም ከግእዙ «ሰደደ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙ አባረረ፣ አስወጣ። «ተሰደደ» ተደራጊ ግሥ ነው፤ ስደተኛ በቃሉ ሥር የተባረረ ሰው ነው። ከሥራቸው ካየናቸው ስደትና አባሮሽ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 እንኳ ወንጀሉን ሲሰይም አስደራጊውን ግሥ ይዞ «ድንበር ማሻገር» ይላል፤ ስሙ የሚያመለክተው አሻጋሪውን እንጂ ተሻጋሪውን አይደለም። ስለዚህ «ሕገወጦቹ ልጆች» የሚል ሐረግ በግጥምዎ ካለ ያውጡት።

ወዳጅዎ የጨዋታ ቃል ሞትን ያቀልላል ብለው መስጋታቸውን አከብራለሁ፤ በፍርዳቸው ግን አልስማማም። ኩኩሉን ያስቡት። ፈላጊው ዐይኑን ጨፍኖ እንደ አውራ ዶሮ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ብለው ይመልሳሉ። ሲነጋ ፍለጋው ይጀመራል። በሌሊት ድንበር ለሚያቋርጥ ልጅም እንዲሁ ነው፦ ከነጋ ይፈለጋል። ዘይቤው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ገጣሚው ከጨዋታው ሜዳ አንሥቶ ጠረፍ ላይ ማኖር ብቻ ይጠበቅበታል።

ልኩም ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። «ኩኩሉ» 3 ቀለም፣ «አልነጋም» 3 ቀለም፣ አንድ ሙሉ ሐረግ፦

ኩኩሉ! አልነጋም! መተማ ድንበር ላይ፤
ኩኩሉ! . . .

ሁለተኛውን ስንኝ እዚያው ይተዉት። የመጀመሪያው ስንኝ ጆሮን ስላስለመደው፣ አንባቢ ከመጀመሪያው ሐረግ የጎደሉትን 3 ቀለሞች ራሱ ይቆጥራል፤ መልስ ያልሰጠው ልጅ ያለው እዚያ ነው። አብዛኛው ገጣሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው ያስፈራውና «በረሃ ቀረ»፣ «ውሃ በላው» እያለ ይሞላዋል። ያን ጊዜ ጨዋታው ይቆምና ለቅሶው ብቻ ይቀራል። «ሞት» የሚለውን ቃል ከጥሪው በፊትም አያስገቡ፤ ፍጻሜውን አስቀድሞ ያወጣዋል።

«አኩኩሉ» የሚሉም አሉ፤ ለጨዋታው ሁለቱም ያገለግላሉ። ለእርስዎ ስንኝ ግን «ኩኩሉ»ን ይያዙ። «አኩኩሉ» 4 ቀለም ስለሆነ ጥሪው ከመልሱ ይረዝማል፤ ባዶ የተተወው ቦታም ልኩን ያጣል።