ውሉ ከታክሱ በፊት ተፈርሟል፤ ታክሱን ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። በምግብ ቤቶች ላይ አዲስ የሽያጭ ታክስ ሊጀመር ነው። ሜኑ አሳትሜ ጨርሻለሁ። ታክሱ ከጀመረ በኋላ ለሚደረግ የ80 ሰው ግብዣም ውል ፈርሜ ቀብድ ተቀብያለሁ። ታክሱን የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ ደንበኛው? ሰርቪስ ቻርጅ ላይስ ይታሰባል?

መልስ፦ ከግብዣው ልጀምር፤ የሚያጣላው እሱ ነው።

«ውሉ የተፈረመው ከሕጉ በፊት ስለሆነ ታክሱ አይነካኝም» ብለው እንዳይዘናጉ። የሽያጭ ታክስ በአብዛኛው የሚታሰበው ውል በተፈረመበት ቀን አይደለም። ምግቡ በቀረበበት ወይም ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን ነው። ስለዚህ ቀብዱ አንድ ዕጣ፣ ቀሪው ሂሳብ ሌላ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ሕጉን ሲያገኙ ቶሎ ወደ መጨረሻው ይሂዱ። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ የሚባለው፣ ማለትም ሕጉ ከመጀመሩ በፊት የተፈረሙ ውሎች እንዴት እንደሚስተናገዱ የሚናገረው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ጭማሪው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ግን የውል ጉዳይ ነው። ውሉ «ዋጋው ታክስን ያካትታል» ካለ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። «ታክስን አይጨምርም» ካለ ደንበኛው ይከፍላል። ዝም ካለስ? ያኔ የአገሩ ሕግ ይወስናል። ለምሳሌ በብሪታንያ የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ አንቀጽ 89 አለ። ከውሉ በኋላ ታክሱ ከተለወጠ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ዋጋውም አብሮ ይስተካከላል ይላል። እኔ ብሆን ግን ሕግ ስጠቅስ አልውልም፤ ዛሬውኑ ለደንበኛው ደውዬ የተስማማነውን በጽሑፍ አደርግ ነበር። ግብዣው አልቆ ሂሳብ ሲመጣ የሚነገር ታክስ ጠብ ነው።

ወደ ሜኑው እንምጣ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ታክስን ያካተተ መሆን አለበት። በአሜሪካ ደግሞ ታክሱ በአብዛኛው ሂሳብ ሲሠራ ነው የሚደመረው። የእናንተ ሕግ የትኛውን እንደሚል ሳያዩ ሜኑውን አይጣሉት።

ስሌቱ ላይ ብዙ ባለቤት ይሸወዳል። ታክሱ 10 በመቶ ነው እንበል። ሜኑው ላይ ያለው 100 ታክስን ያካተተ ከሆነ ታክሱ 10 አይደለም፤ 9.09 ነው። 100ን ለ1.10 ሲያካፍሉ 90.91 ይመጣል፤ የእርስዎ እሱ ነው። ደፍኖ 10 የሚያስገባ ሰው በየሳህኑ ከትርፉ እየቆረሰ ነው።

ሰርቪስ ቻርጅን በተመለከተ ቁልፉ ግዴታ ነው ወይስ ውዴታ የሚለው ነው። በብሪታንያ ሂሳቡ ላይ በግዴታ የሚጨመር ሰርቪስ ቻርጅ ይታከሳል፤ ደንበኛው ወዶ የሚተወው ቲፕ አይታከስም። ብዙ አገር መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ይለያያል።

ተጠቅልሎ የሚወሰድ ምግብ ካለዎት መጣኔው አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ። ጃፓን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጭ ብሎ የሚበላው 10 በመቶ፣ ይዞ የሚሄደው 8 በመቶ ይከፍላል። የሚወስነው ደንበኛው ሲያዝ የተናገረው ነው። የካሸሯ «እዚህ ነው ወይስ ይዘው ይሄዳሉ?» የታክስ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው!

አንድ ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። ከደንበኛ የሰበሰቡት ታክስ አደራ ነው። ወር ሲያልቅ ለኪራይ ትንሽ ልበደር ማለት ያጓጓል፤ አይንኩት። ኒውዮርክን ብናይ፣ ተሰብስቦ ላልገባ የሽያጭ ታክስ ድርጅቱን የሚመሩት ሰዎች በግል ንብረታቸው ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ መሆኑ አያድናቸውም። ለታክሱ ለብቻው የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ። የየቀኑን ሽያጭ ሲዘጉ የታክሱን ድርሻ እዚያው ያስገቡ።

ደንበኛም ብትሆኑ ታክስ ሲደመርባችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ለታክሱ ያልተመዘገበ ምግብ ቤት በታክስ ስም ገንዘብ መሰብሰብ አይችልም።