በር ላይ ለሚቆሙት አባቶች

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። የግል ባንክ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ ባለቤቴ ልትወልድ ነው። እሷን ሁሉም ይመክራታል፤ እኔን ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ አጣሁ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስኖር ይህን ጥያቄ ከወንድ አፍ የሰማሁት ስንቴ ነው? ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ግንበኛ ትዝ አለኝ።

ያኔ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። ባል ከበሩ አያልፍም። ያ ግንበኛ ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ቆሞ አደረ። ከሥራ ተጠርቶ ስለመጣ ጫማው ሲሚንቶ እንደለበሰ ነው። እጁ ላይ አጥሚት የያዘ ፔርሙዝ አለ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ፊት ይላል። ሊነጋ ሲል ሚስቱ በሰላም ተገላገለች። ለእሱ የተነገረው «እንኳን ደስ አለህ፣ ሴት ናት» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ የመድኃኒት ማዘዣ ሰጥተው ሂድና ግዛ አሉት።

ሲወጡ ምክሩ የተሰጠው ለእሷ ነው። ትኩሳት ከተሰማሽ፣ ደም ከበዛብሽ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ ቶሎ ተመለሽ ተባለች። ስታምጥ ያደረች ሴት ናት፤ ዓይኗ እየተከደነ አንገቷን ነቀነቀች።

ከሳምንት በኋላ በቃሬዛ አመጧት። ሰውነቷ እሳት ሆኗል፤ ትቃዣለች። ከማሕፀን የተነሳ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። ባልየውን ጠየቅሁት። «መንቀጥቀጥ ከጀመራት ሦስት ቀኗ ነው። ምች ነው አሉኝ፤ ዳማከሴ ፈልጌ አመጣሁላት» አለኝ። ዳማከሴውን ለማግኘት ሌላ ቀበሌ ድረስ በእግሩ ሄዷል። ሚስቱን የሚወድ፣ የሚሮጥ ሰው ነበር። የሚሮጥበትን አቅጣጫ ያሳየው ግን አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ያ ምክር ለእሱም ተነግሮት ቢሆን በመጀመሪያው ሌሊት ተሸክሟት ይመጣ እንደነበር ስለማውቅ ነው።

ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። የክትትል ካርዱ የእናት ነው፤ ምክሩም ለእናት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት። አባት ያለው 3 ተከታታይ ቀን ነው። የደም መፍሰሱ አደጋ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያሰጋል። ትኩሳቱ ግን አባት ሥራ ከተመለሰ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

እናንተን የዛሬ ወጣት አባቶችን ደግሞ ልውቀሳችሁ። ለቤቢ ሻወር አዳራሽ ትከራያላችሁ፤ ፎቶው ያምራል። ምጥ ሌሊት ቢመጣ መኪና ከየት ይገኛል ብሎ የተነጋገረ ግን ጥቂት ነው። ይህን እያልኩም፣ ልጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአደባባይ ስትሄዱ ሳይ ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያደረገ ወንድ መሳቂያ ነበር። አባቴ እናቴ አራስ ስትሆን ገንፎውን ራሱ ያገነፋላት ነበር። ጎረቤት እንዳያይ ግን በሩን ዘግቶ ነው።

ስለ ገንዘብ አልመክርም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ክትትል ቀን አብራችሁ ግቡ። ውጭ ጠብቅ ቢሏችሁ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሉ። በእርግዝና ደም ከታየ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሕፃኑ ጡት አልይዝ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሰውነቱ ቢጫ ከሆነም እንደዚያው። 907ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

አባትም ይከፋዋል። ልጁን አቅፎ ምንም ደስታ የማይሰማው አባት አለ፤ ያፍራል እንጂ አይናገርም። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀው ሐኪም ይየው። ይህ የሚታከም ሕመም ነው።

አራስ ጥየቃ ሲመጣ ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ስለ ጡቱም ስለ እንቅልፉም ያወራሉ። እኛ ወንዶቹ ሳሎን ቁጭ ብለን ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ውድነት። ከመካከላችን ልጅ ያሳደገ አይጠፋም። አንዱን በረንዳ አውጡትና የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንዳለፋቸው ጠይቁት። ቀልዶ ሊያልፈው ይሞክራል፤ ደግማችሁ ጠይቁት።