ሰርግ አይደገምም፤ መጠባበቂያ ይቅደም

ስለ ሰርግ ፎቶ የሚጽፉልኝ አንባቢዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብለው ይጀምራሉ። እኔን ግን ከካሜራው ጥራት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሰርጉ መሃል አንድ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይደረጋል? የዛሬዎቹን መልሶች ስታነቡ ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ አዲስ ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ የሆነ) ካሜራ ይገዛል። ወይም ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱን ግዛ፤ ለዚህ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አንድ ካሜራ ብቻ ይዞ የሰው ሰርግ መቀበል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ሁለቱ ግን የአንድ ኩባንያ ይሁኑ፤ ከተቻለም አንድ ዓይነት ሞዴል። ሞዴሉ አንድ ከሆነ ባትሪው፣ ሌንሱና ቻርጀሩ ለሁለቱም ያገለግላል። እጅህም አንድ አቀማመጥ ብቻ ይለምዳል።

ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያላቸውን ፈልግ። እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ እንዲጻፍ አድርገህ አስተካክለው። አንዱ ካርድ ቢሞት ሰርጉ ሌላው ላይ አለ።

ያገለገለ ስትገዛ ሻተሩ (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቅ። ሌንሱን በስልክ መብራት አሻግረህ እየው፤ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ተወው። ሴንሰሩን ለማየት የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበህ፣ ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ሰማዩን አንሳ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አቧራ አለበት። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ከሆነ ግን አይለቅም።

ፉል ፍሬም ባይሆንስ? ምንም አይደለም። በክሮፕ፣ ማለትም ከፉል ፍሬም ባነሰ ሴንሰር ጥሩ ሰርግ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ አይበቃኝም?

መልስ፦ ደጅ፣ በቀን ብርሃን ይበቃሻል። አዳራሽ ስትገቢ ግን ያስቸግርሻል። ይህ ሌንስ አቅርቦ ሲያሳይ፣ 55 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ፣ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩን ወደ ሥራው እናምጣው። በመጀመሪያው ሌንስ ሻተርሽ 1/15 ሰከንድ ላይ ከቆመ፣ በሁለተኛው 1/125 በምቾት ታነሺያለሽ። በ1/15 የምትራመድ ሙሽራ ፊቷ ይደበዝዛል። በ1/125 ግን ቀስ ብላ እስከተራመደች ድረስ ጥርት ትላለች።

ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ቀድመሽ ግዢ። ብዙ ኩባንያዎች ይሠሩታል፤ ከሌንሶቻቸው ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። በክሮፕ ካሜራ ላይ እይታው በፉል ፍሬም ላይ እንዳለ የ75 ወይም የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ስለሚጠብብ ለፊት ፎቶ ይመቻል፤ ለጠባብ ክፍል ግን 18-55ቱን አትጣዪው። ሥራው ሲመጣ 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ትጨምሪያለሽ። እስከዚያ መከራየት ነውር የለውም፤ ብቻ ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ወስደሽ ሞክሪው።

አንድ ነገር አደራ። የቤተሰብ ፎቶ በኤፍ 1.8 አታንሺ። ጥርት የሚለው ርቀት ስለሚጠብብ ከኋላ የቆመችው አያት ፊቷ ይደበዝዛል፤ ያቺ ፎቶ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ከሁሉም በላይ የምትፈለገዋ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ረድፍ ሲሆን ኤፍ 5.6 አካባቢ ሁኚ።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ሳበራ ፊቱ ነጭ፣ ኋላው ጨለማ ይሆንብኛል። ፍላሹ ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ፍላሹ ደህና ነው። አንደኛ፣ በቀጥታ ወደ ሰው እያነጣጠርከው ነው። አናቱን ወደ ነጭ ጣሪያ ወይም ወደ ጎን ግድግዳ አዙረው፤ ብርሃኑ ተመልሶ ሲመጣ ለስላሳ ይሆናል። ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ፊቱም አረንጓዴ እንደሚሆን አትርሳ። ሁለተኛ፣ ሻተርህ ፈጥኖ የአዳራሹን ብርሃን እየዘጋው ነው። ወደ 1/80 አውርደው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ አድርግ። ኋላው ነፍስ ይዘራል።

ባትሪም አለ። ብዙ ፍላሾች አራት ባለ ሁለት ኤ ድንጋይ ይበላሉ። ጥሩ የሚሞሉ ድንጋዮችን በአራት በአራት አስረህ ያዝ፤ የሞሉትንና ያለቁትን በተለያየ ኪስ አድርግ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ነው ሙያውን የጀመርኩት። ነጭ ቀሚስ ሁልጊዜ ግራጫ ይወጣብኛል።

መልስ፦ እንኳን ጀመሩ! ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ድምቀት ሊያደርገው ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልምብዎታል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን ማድመቂያና ማጨለሚያውን) ወደ ሲደመር 1 ያድርጉት። ጥቁር ሱፍ ሲሞላው ተቃራኒውን ያድርጉ። በሮው (በጥሬ ፋይል) ካነሱ ደግሞ ትንሽ ቢሳሳቱም በኤዲቲንግ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ድምፅ እንዳይረብሽ ብዬ በጸጥታው ሻተር ሳነሳ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይወጣል።

መልስ፦ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ለዓይን ባይታይም ይርገበገባል። ድምፅ ወዳለው ሜካኒካል ሻተር ተመለሺ። መብራቱ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የሻተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጊው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር የዘመድ ሰርግ ላይ ብቻዬን ላነሳ ነው። የመጀመሪያዬ ነው። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ጊዜ ካለህ ከዚያ በፊት ልምድ ካለው ፎቶ አንሺ ጋር ሁለተኛ ሆነህ አንድ ሰርግ ሥራ። ከማንኛውም ዕቃ በላይ ይጠቅምሃል።

ቦታውን ሰርጉ በሚሆንበት ሰዓት ሄደህ እየው፤ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትገባ ታውቃለህ። ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ። ከሙሽሮቹ ጋር ተቀምጣችሁ የቤተሰብ ፎቶዎቹን ዝርዝር ጻፉ። ከሁለቱም ወገን ሰው የሚያውቅ አንድ አንድ ዘመድ ይመደብልህ፤ «አጎቴ የታሉ?» እያልክ አትዞርም። የሁለቱን ካሜራ ሰዓት አንድ አድርግ፤ አለበለዚያ በኋላ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ጭንቅ ነው። ካርድና ባትሪ መቀየርን ደግሞ መብራት አጥፍተህ ተለማመድ።

ዘመድ ቢሆንም ውል ጻፍ። ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ፎቶው መቼ እንደሚደርስ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ብትታመም ማን እንደሚተካህ። ዝምድናውን የሚያበላሸው ውሉ ሳይሆን ያልተነገረው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ እያነሳሁ ካርዱ «አይነበብም» አለኝ። ልሰርዘው?

መልስ፦ በፍጹም! ፎርማትም አታድርጊው፣ አንድም ፎቶ አትጨምሪበት። አውጪውና ለብቻው አስቀምጪው፤ በሌላ ካርድ ቀጥይ። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በመልሶ ማግኛ ሶፍትዌር ብዙው ሊወጣ ይችላል። የደህናዎቹንም ካርዶች የዚያኑ ሌሊት፣ ድካም ቢኖርም፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይቀመጥ። ፎቶዎቹን በሁለቱም ላይ ከፍተሽ እስክታይ ድረስ ካርዶቹን አትንኪያቸው።