ለልጆቻችን የላቲን መማሪያ ስንመርጥ

በአሜሪካ ልጆቻቸውን በቤታቸው የሚያስተምሩ ወይም «ክላሲካል» በሚባሉት፣ የጥንቱን የግሪክና የሮማ ትምህርት በሚከተሉ ትምህርት ቤቶች የሚያስመዘግቡ ወገኖቻችን አሉ። በዚህ መንገድ የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ሲደርስ ላቲን ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ወላጅ «እኔ የማላውቀውን ቋንቋ እንዴት አድርጌ አስጠናዋለሁ?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም። ሁለት ልጆቼን በቨርጂኒያ፣ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ላቲን ያስጀመርኩት እኔም በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው።

ጭንቀቱን ያቀለለልኝ አማርኛችን ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጄ «ፑኤላ ሮሳም አማት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስታነብ መጀመሪያ «አማት» በሚለው ቃል ሳቀች፤ አያቷ እዚያ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ከዚያ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ «ልጅቷ ጽጌረዳዋን ትወዳለች» ብዬ ስነግራት ቃላቱ አንድ በአንድ በተራቸው ገጠሙ። ጣቷን «ሮሳም» መጨረሻ ላይ ጫን አድርጋ «ይህቺ ‹ም› የእኛ ‹ን› ናት ማለት ነው?» አለችኝ። አዎን፣ ያችው ናት። ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡም ማን ማንን እንደሚወድ አይጠፋም፤ በእንግሊዝኛ ግን ቦታቸው ከተለወጠ ጽጌረዳዋ ልጅቷን ወደደች ማለት ይሆናል። ግሱ መጨረሻ ላይ መቀመጡም፣ ባለቤቱን በውስጡ መያዙም ለእኛ ልጆች እንግዳ አይደለም። አንድ ቦታ ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እኛ «ውሃ እጠጣለሁ» ስንል «ን»ን እንተዋታለን፣ ላቲን ግን «አኳም ቢቦ» ብሎ «ም»ን ይጠብቃታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ልጁ አማርኛ ከሰማ ነውና፣ ለላቲን ጊዜ ለማግኘት ብላችሁ የአማርኛውን ሰዓት አትቁረጡ።

መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት መጣራት ያለበት የመጀመሪያው ነገር አነባበቡ ነው። ላቲን ዛሬ በሁለት ዓይነት ይነበባል፤ አንደኛው የጥንት ሮማውያን ይናገሩት እንደነበር በሊቃውንት ጥናት የተመለሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀምበት፣ ወደ ጣልያንኛ ያዘነበለው ነው። የዩልዮስ ቄሳር ዝነኛ ቃል፣ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍሁ» ያለው፣ በፊተኛው «ዌኒ፣ ዊዲ፣ ዊኪ»፣ በኋለኛው «ቬኒ፣ ቪዲ፣ ቪቺ» ይሆናል። የራሱም ስም በአንዱ ካይሳር፣ በሌላው ቼዛር ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ ታላቁን ልጄን በቤተ ክርስቲያኑ አነባበብ አሳድጌው፣ በኋላ የገባበት ትምህርት ቤት በጥንቱ ስለሚያስተምር አንድ ሙሉ ሴሚስተር ምላሱን ሲያቃና ከረመ። ስለዚህ ልጃችሁ ወደፊት ወደሚገባበት ትምህርት ቤት አስቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ።

ከመጽሐፎቹ «ፕሪማ ላቲና» ለታናናሾች የተዘጋጀ ነው። 25 ትምህርቶች አሉት፤ በእያንዳንዱም ጥቂት ቃላት፣ አንድ አባባልና ጸሎት ይማራሉ። አነባበቡ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በቪዲዮ የምታስተምር መምህርትም ስላለችለት ለሥራ የሚሮጥ ወላጅን ያሳርፋል። ጸሎቱን የማይፈልግ ቤተሰብ፣ ለምሳሌ ሙስሊም ወገኖቻችን፣ «ሚኒመስ»ን ይመልከቱ። ይህ በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነው፤ በሰሜን ብሪታንያ ቪንዶላንዳ በተባለው የሮማውያን ምሽግ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ስለምትኖር አይጥ ያወራል። ቤተሰቡ በእውነት የነበረ ነው። እናቲቱ ሌፒዲና ወደ 100 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከወዳጇ የተቀበለችው የልደት በዓል መጥሪያ፣ በስስ እንጨት ላይ በቀለም እንደተጻፈ ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቷል። ልጄ ሰዋስዉን ሁሉ ረስታ ይህቺን ደብዳቤ ብቻ ታስታውሳለች፤ እውነቱን ለመናገር «ሚኒመስ» ፍቅር ያሳድራል እንጂ ሰዋስው በቅጡ አያስይዝም። «ላቲን ፎር ችልድረን» በዜማ እያስደገመ ያስተምራል፣ ነገር ግን የሚያግዝ ሰው ለሌለው ልጅ ይፈጥናል ባይ ነኝ።

ላቲን ለማያውቅ ወላጅ፣ ልጁ አራተኛ ክፍል ከደረሰ፣ የእኔ ምርጫ «ጌቲንግ ስታርትድ ዊዝ ላቲን» ነው። ሥዕል የለውም፣ ደረቅ ነው። ሆኖም 134 አጫጭር ትምህርቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር ብቻ ያመጣሉ፣ መልሱ ከኋላ አለ፣ በሁለቱም አነባበብ የተቀዳ ድምፅም በነፃ ይገኛል። አባትና ልጅ እኩል ጀምረው እኩል ሊሄዱበት ይችላሉ።

በቃል ማስጠናቱን አትናቁት። «አሞ፣ አማስ፣ አማት» (እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል) እያለ የሚያዜመውን ልጅ ባዘነ ዓይን የሚያየው ጎረቤት ነበረኝ፤ የእኛ የቅኔ ተማሪዎች ግን ከቀተለና ከቀደሰ ጀምሮ ስምንቱን የግስ አርእስት በዚሁ መንገድ ነው የሚዘልቁት። ወደ ግዕዝ የሚያዘነብል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ላቲኑ ስንቅ ይሆነዋል፤ ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነውና።

የሦስት ዓመት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አትግዙ፤ የአንድ ዓመቱን ብቻ፣ ቢቻል ያገለገለ፣ ከመምህሩ መልስ ጋር ይዛችሁ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን ሞክሩት። የመልመጃው ደብተር ግን አዲስ ይሁን። ታላቁ በእርሳስ ጽፎ ያጠፋውን መልስ ታናሿ ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠግታ ስታነብ ያገኘኋት ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው።