ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት፦ ጠይቁኝ ልመልስ

ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ። ስለ ሰብሶኒክ ጥይት ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፣ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ እዛ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ጥይታቸውን ቤታቸው ቁጭ ብለው ራሳቸው ይሞላሉ፣ የተፈቀደ ነገር ነው፣ እኔም እዛው ነው የለመድኩት። እኛ ጋ ግን የጦር መሳሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መስራትን ይከለክላል፣ ስለዚ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ እነግራችኋለሁ እንጂ ባሩዱ ስንት ግራም ነው ለሚል መልስ የለኝም፣ በውስጥ መስመርም አትድከሙ።

የማራኪ ልጅ፦ ጋሼ ሰብሶኒክ ሲባል ምን ማለት ነው? ድምፅ የለውም ማለት ነው?

ድምፅማ አለው። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ማለት ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ እኮ ሁለት ድምፅ ነው ያለው፣ አንዱ ጋዙ ከአፈሙዝ ሲወጣ ድው ሚለው፣ ሌላው አረሩ ራሱ አየሩን እየቀደደ ሲሄድ ጧ ሚለው። ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ሳይማር ያውቀዋል፣ ከሩቅ ወዳለህበት ሲተኮስ መጀመሪያ ጧ ይልና ድው ዘግይቶ ይመጣል፣ ለምን ብትል አረሩ ከጠመንጃው ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። የክላሽ አረር ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድምፅ ደግሞ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ 343 ሜትር። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ድምፅ ማፈኛ ድዉን ይቀንሰዋል፣ ጧን ግን ምንም ሊያደርገው አይችልም ምክንያቱም ጧ የሚፈጠረው አረሩ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ነው። እሱን የምታጠፋው አረሩን በማዘግየት ብቻ ነው፣ ብዙዎቹ ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ከ305 እስከ 320 ሜትር መሀል ያደርጉታል።

ከደባርቅ፦ እኛ ጋ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ድምፅ በስስ አየር ይዘገያል አይደል? ታድያ ቆላ የተሞላ ጥይት ደባርቅ ላይ ጧ ይላል?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይላል። መልሱ አዎ ሊል ይችላል ነው፣ ምክንያቱ ግን ስስ አየር አይደለም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው፣ ከፍታ የሚነካው ብርድ ስለሚያመጣ ብቻ ነው። በአንድ ዲግሪ 0.6 ሜትር ገደማ ይቀያየራል። ደባርቅ ጠዋት 5 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ 334 አካባቢ ነው፣ መተማ ላይ 40 ዲግሪ ሲሆን 355 ይደርሳል፣ ከጎንደር ምድር ሳንርቅ 20 ሜትር ልዩነት ማለት ነው። በ340 የሚሄድ አረር መተማ ዝም ብሎ ያልፋል ደባርቅ ይጮሃል። ግን እዚ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ ባሩዱም ራሱ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል ሲበርደው ይቀንሳል፣ ስለዚ መተማ ላይ አረሩም ትንሽ ይፈጥናል፣ ደባርቅ ላይ ይዘገያል፣ በከፊል ይካካሳሉ፣ ምን ያህል የሚለው እንደ ባሩዱ ዓይነት ነው። ለዚ ነው ከ343 ስር ተጠግተው ሳይሆን ራቅ ብለው የሚሞሉት፣ ክሮኖግራፍ የሚባል ፍጥነት መለኪያ የሌለው ሰው ደግሞ ሰብሶኒክ ሞላሁ ቢልህ አትመነው፣ ገምቶ ነው።

ከአዘዞ፦ ብሮ ይሄን ሁሉ ከምታወራ የክላሽ ጥይት ፈትቶ ባሩዱን ግማሽ መቀነስ አይበቃም ወይ

አይበቃም፣ እንዳታደርገው። ሰው ሁሉ ብዙ ባሩድ ነው አደጋ ብሎ ያስባል፣ እዚ ስራ ላይ ግን የሚያስፈራው ትንሹ ነው። ባሩዱ ሲያንስ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ይበዛል፣ ባሩዱ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጠመንጃውን ቀና አድርገህ ስትተኩስና ዝቅ አድርገህ ስትተኩስ ፍጥነቱ ይለያያል። አንዱ ደካማ ይሆንና አረሩ መሀል አፈሙዝ ላይ ይቀራል፣ መዳብ የለበሰ አረር ደግሞ ከባዶ እርሳስ ይልቅ ለመቅረት ቅርብ ነው። ድምፁ ፊስ ስለሚል ተኳሹ ከሸፈ ብሎ ሁለተኛውን ይደግማል፣ ያኔ ፊትህ ስር ነው ብረቱ የሚሰነጠቀው። ትልቅ ቀለህ ከሆነ በስህተት ሁለት ጊዜ ብትሞላው እንኳ ሞልቶ አይፈስም፣ በአይን አታውቀውም፣ ይሄ ብዙ ጠመንጃ አፈንድቷል። ቀስ ብለው የሚነዱ ባሩዶችን ደግሞ ከተፃፈው ዝቅተኛ በታች ማውረድ ግፊቱን ሳይታሰብ ሊያጦዘው ስለሚችል የመሙያ መፅሀፎቹ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፣ ለሰብሶኒክ ተብሎ የተሞከረ የራሱ ሰንጠረዥ አለ ከዛ አይወጣም።

ይሄን ሁሉ ተርፈህ እንኳ ምን ታገኛለህ፣ ክላሽ በጋዝ ነው የሚሰራው፣ ጋዙ ካነሰ ቀለሁን አይተፋም ሌላም አያጎርስም፣ በእጅህ እየሳብክ ነው የምትተኩሰው። አረሩም 8 ግራም ብቻ ስለሆነ 310 ላይ ጉልበቱ 384 ጁል ይሆናል፣ በሙሉ ፍጥነቱ 2,000 ያልፍ የነበረው ማለት ነው።

ያው የአዘዞው፦ እሺ ተውኩት 😅 ታድያ እነሱ እንዴት አደረጉት

ፍጥነት ካጣህ ክብደት ጨምር ነው ነገሩ። አሜሪካኖቹ .300 ብላክአውት የሚሉት ጥይት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ደረጃ የወጣለት፣ የኤም 16ን ቀለህ አሳጥረው አፉን አሰፉት፣ ቀለሁ ትንሽ ስለሆነ ባዶ ቦታው ቀነሰ፣ 14 ግራም የሚሆን አረር ይጭናሉ። ሩሲያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 9 በ39 የሚባለውን ሰሩ፣ አረሩ 16 ግራም ነው በ290 አካባቢ የሚሄድ። ከባድ አረር ግን ረጅም ነው፣ ረጅም አረር ደግሞ በደንብ ካልተሽከረከረ አየር ላይ ይገለበጣል፣ ማፈኛ ካለ ግድግዳውን መትቶ ይወጣል፣ ስለዚ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ ጠበቅ ማለት አለበት። የክላሽ ጥምዝ አንድ ዙር በ240 ሚሊሜትር ነው፣ የብላክአውቱ ግን ብዙ ጊዜ በ178 ወይ በ203።

ከፒያሳ፦ ፊልም ላይ ፊስ ሚለውስ?

ውሸት ነው። ጠመንጃ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይጮሃል፣ ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 35 ይቀንስልሃል፣ የቀረውን ራስህ አስላው። ሰብሶኒክ ሲጨመርበት የምር ዝቅ ይላል ግን ጎረቤት ይሰማል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ በምን ያህል ርቀት ነው የሚሰራው? እዛስ ለአደን ይጠቀሙበታል?

ፊዚክስ ከሆነ የምትማረው ራስህ ታሰላዋለህ። በ310 ሜትር 100 ሜትር ለመሄድ ሲሶ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዛ ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዷል። 200 ላይ ከሁለት ሜትር በላይ። ርቀቱን በ20 ሜትር ከሳትክ ኢላማውን ስተሃል ማለት ነው። ለአደን የሚጠቀሙ አሉ፣ እኔ በግሌ አልወደውም፣ አረሩ በዛ ፍጥነት በደንብ ስለማይከፈት እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። ወረቀት ላይ መተኮስ ግን ደስ ይላል፣ አይረግጥም።

ከሳሙና በር፦ ጋሼ አያቴ ቤት የድሮ ቀለህ አለ፣ የሰናድር ነው ይላሉ። ያኔስ ሰብሶኒክ ነበሩ?

ተቀራራቢ ነበሩ እህቴ፣ በታች ግን አይደሉም። ሰናድር ትልቅ እርሳስ ነበር የሚተፋው፣ 31 ግራም ገደማ፣ በ380 ሜትር አካባቢ፣ ስለዚ ጥቂት ርቀት እየጮኸ ሄዶ ከዛ ከድምፅ በታች ይወርዳል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራስ 25 ግራም በ450 ነው። ሰናድሩን እንግሊዞች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ይዘውት የመጡት፣ የኛው የቋራው ካሳ ላይ ማለት ነው። ጥይቱን የሰራው ቦክሰር የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሰው ቤቱ የሚሞላው ቀለህ ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያም በሱ ስም ነው የምትጠራው፣ ቀለሁ መሀል ላይ አንድ ቀዳዳ ስላለው በሽቦ ገፍተህ አውጥተህ አዲስ ትተካለህ። የክላሽ ቀለህ ግን አብዛኛው በርዳን የሚባለው አሜሪካዊ ዓይነት ነው፣ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው፣ በቀላሉ አይወጣም፣ ብዙው ብረትም ነው፣ የአዘዞው ልጅ ይሄን ደግሞ ጨምረህ ያዝ። አስቂኙ ነገር አሜሪካ የእንግሊዙን፣ አብዛኛው ሌላው ዓለም የአሜሪካውን መያዙ ነው።

የአያትሽ ቀለህ ባዶ ከሆነ አስቀምጪው፣ ድሮ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ጋር እንደ ገንዘብ ገበያ ይወጣ ነበር። አረሩ አፉ ላይ ካለ ግን በምንም እንዳትነካኪው፣ ልጆችም እንዳያገኙት፣ ፖሊስ ጠርታችሁ አስወስዱት።

ከብልኮ፦ ሞልተህ ትሸጥልናለህ?

አልሸጥም 😂 ከላይ ያለውን አንብብ።